ቀዳዳ ያለው ልጣፊ

የምስክሯ መጠሪያ፦ “ማሽኗ” (ሙሉ ስሟ በመዝገቡ የመጀመሪያ ገጽ ሰፍሯል)
ዕድሜ፦ 36
ሥራ፦ ፀጉር ሠሪ
አድራሻ፦ ከጎሚስታው ጀርባ ያለው ግቢ፤ ለጊዜው በሆስፒታሉ የሴቶች ቀዶ ሕክምና ክፍል፣ በመስኮቱ በኩል ያለው አልጋ
ቃሉ የተሰጠበት ጊዜና ቦታ፦ ማክሰኞ ከረፋዱ 4፡30፣ በአልጋዋ አጠገብ
ጉዳዩ፦ ታካሚን ያለ ፈቃድ ከሆስፒታል ማውጣት
ተጠርጣሪ፦ የምስክሯ ታላቅ ወንድም፣ 52 ዓመት፣ ጎሚስታ

ስለ ጉዳዩ የማውቀውን እንዳስረዳ በመርማሪው ተጠይቄ ቃሌን በፈቃዴ ሰጥቻለሁ። ከሁሉ በፊት እንዲጻፍልኝ የምፈልገው ተጠርጣሪ የተባለው ሰው ያሳደገኝ ወንድሜ መሆኑን ነው። ጋሼ እለዋለሁ። አባታችን ሲሞት እኔ ገና ዳዴ እል ስለነበር አባት ሲባል የማውቀው እሱን ነው። እህቱን ጠልፎ ወሰደ ተብሎ መታሰሩን ስሰማ ሳቄም እንባዬም አንድ ላይ መጣብኝ። እኔን ማን ይጠልፈኛል? ምን ሊያደርገኝ? መርማሪው ወደ ጉዳዩ እንድገባ ስላሳሰበኝ ገብቻለሁ።

ባለፈው ወር በፀጉር ቤቴ ውስጥ የአንዲት ደንበኛዬን ሹሩባ ጨርሼ፣ ጫፉን የምነክርበትን ውሃ ሳፈላ ከጋዙ እሳት ቦግ አለና በቀኝ እጄ የያዝኩት ትርፍ ሰው ሠራሽ ፀጉር ተቀጣጠለ። ፀጉሩ እንደ ላስቲክ ቀልጦ የእጄ ጀርባ ላይ ተጣበቀ። ደንበኛዬን ፈጣሪ አተረፋት። የእኔ ቆዳ ግን ጅማቴ እስኪታይ ተቃጠለ። የምተዳደረው በእነዚህ ጣቶች ነው፤ ማሽኗ የተባልኩትም በእነሱ ፍጥነት ነው።

ያከመችኝ ዶክተር እንዳስረዳችኝ፣ ጅማት በተራቆተበት ቦታ ስስ ቆዳ ብቻውን አይበቅልም። መጀመሪያ ከለጋሽ የተወሰደ፣ ሴሎቹ በሙሉ ታጥበው የወጡለት ቆዳ ይለጠፋል። እኔም ደንግጬ የሞተ ሰው ቆዳ ነው ወይ ብዬ ጠየቅኳት። ሰውየው በሕይወት ሳለ ፈቅዶ የሰጠው መሆኑን፣ አሁን ግን የእሱ ሴል አንድም እንዳልቀረበት ነገረችኝ። ምሰሶና ማገሩ ብቻ የቀረ ቤት ማለት ነው፤ ጭቃውን የሚመርገው የራስሽ ሥጋ ነው አለችኝ። የደም ሥሬ እስኪገባበት ነጭ ሆኖ ይቆያል። እስከዚያ እጄ መነቃነቅ የለበትም፤ ልጣፊው ከተንሸራተተ ጅማቱ ይደርቃል፣ ጣቶቼም አይታጠፉም። ይህን አልደበቀችኝም። ያን ለጋሽ አላውቀውም፣ ነፍሱን ይማረው። ስተኛ “አደራህን፣ ያዝልኝ” እለዋለሁ።

ልጣፊው ከገባልኝ በኋላ ፋሻው ሲቀየር ጋሼ ካላየሁ ብሎ ሲስተርን ለመናት። ምነው ባልገባ! ዕድሜውን ሙሉ ጎማ ሲለጥፍ የኖረ ሰው ነው። ጎንበስ ብሎ ሲያይ ነጭ ነገር፣ ያውም ከዳር እስከ ዳር የተበሳሳ። “ይሄ ልጣፊ እኮ ቀዳዳ ነው! ቀዳዳን በቀዳዳ ትለጥፋላችሁ?” ብሎ ጮኸ። ሲስተር ሆን ተብሎ የተበሳ መሆኑን ነገረችው። “ሆን ተብሎ!” አለና ጭራሽ ባሰበት። ሌላ ሰው የጣለውን ዕቃ ለእህቴ ለጠፉባት ብሎ ደመደመ።

ለምን እንዲህ እንደሆነ አውቃለሁ። እናታችን በሌላ ሆስፒታል ተኝታ ሳለ የእግሯ ቁስል እየነጣ ሲሄድ፣ ደህና ትሆናለች ታገሥ አሉት። ታገሠ፣ ቀበራት። ከዚያ ወዲህ ታገሥ የሚለው ሰው ጠላቱ ነው።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በመጠየቂያ ሰዓት ተሽከርካሪ ወንበር እየገፋ መጣ። ሌላ ሐኪም አግኝቻለሁ፣ ተነሺ አለኝ። እኔም ጋሼ አይሆንም፣ እጄ መነቃነቅ የለበትም አልኩት። ላስረዳው ብሞክር አፌን አላስከፍት አለኝ። ቀጥሎ ግን “እባክሽ” አለ። እኔን እባክሽ ብሎኝ አያውቅም፤ ብዪ፣ አጥኚ፣ በጊዜ ግቢ ነበር ቋንቋው። ቀና ብዬ ሳየው እንባው በጺሙ ላይ ይወርዳል። አንጀቴን በላው። እጄን ትራስ ላይ አሳርፌ፣ በገዛ እግሬ ተነስቼ ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩ። ዶክተሯን ሳላምናት ቀርቼ አይደለም፣ አምናታለሁ። ነገር ግን እኔ እምቢ ብለው በዚያ ሁኔታ ብቻውን ወጥቶ መኪና ሊነዳ ነው፤ እጄን ባጣ ይሻለኛል ብዬ ሄድኩ። ይህ ጥፋት ከሆነ የእኔም ስም ከስሙ ጎን ይጻፍ።

የበሩ ጥበቃ ገፍቶኛል ያለውን በተመለከተ፣ እግሩ ላይ የወጣው የወንበሩ ጎማ ነው። ጋሼ ወዲያው ይቅርታ ጠይቆታል። ይቅርታ እየጠየቀም ጎማው ንፋስ እንደጎደለው ነግሮታል። ይህ ሙያው እንጂ ስድብ እንዳልሆነ ይመዝገብልኝ።

በአሮጌዋ ፒካፑ ጋቢና ውስጥ አስቀምጦኝ ጉዞ ጀመርን። መንገዱ ጉድጓድ ሲኖረው እኔን ሳይሆን እጄን “አይዞሽ” ይላታል። አደባባዩን እንዳለፍን፣ ሥራውን ከጠየቁት ተቆጥቶም ቢሆን እንደሚመልስ ስለማውቅ በዚያ በኩል ገባሁ።

“ጋሼ፣ ጎማ ስትለጥፍ ልጣፊውን ከመሀል ወደ ዳር የምታሸው ለምንድን ነው?”

“አየሩ እንዲወጣ ነዋ! አየር ከቀረበት መቼ ይይዛል?”

“ከሥሩ ውሃ የሚያመነጭ ጎማ ቢመጣልህስ?”

“እንዲህ ያለ ጎማ የለም።”

“አለ፣ እኔ ነኝ። ቁስል ያዣል። ውሃው በእነዚያ ቀዳዳዎች ካልወጣ ልጣፊውን ያነሳዋል።”

ጋሼ መኪናውን ዳር አስይዞ አቆመ። “ታዲያ ይሄን ለምን አስቀድመሽ አትነግሪኝም?” አለኝ። እኔም “ስትጮህ በየት በኩል ልንገርህ!” ብዬ ጮህኩበት። መኪናውን አዞረ።

ትራፊክ ፖሊሱ ያስቆመን በፍጥነት ስለነዳን ሳይሆን በዝግታ ስለነዳን ነው። ከኋላችን የተሰለፈው መኪና ሁሉ ክላክሱን ያንባርቃል፤ ጋሼ ደግሞ “ምን አባታቸው፣ ይለፉ!” ይላል። ሲሸሽ ተያዘ ተብሎ መጻፉን ሰምቻለሁ። መኪናው ሲቆም ግን ፊቱ ወደ ሆስፒታሉ ነበር። ሰው ጠልፎ የሚሸሽ ወደ ጠለፈበት ቤት አይመለስም። ትራፊኩ ራሱ መኪናው ወዴት ዞሮ እንደነበር ይጠየቅልኝ። ከዚያ እኔን በአምቡላንስ መለሱኝ፣ እሱን ወሰዱት። እየወሰዱትም “እጅሽን እንዳታንቀሳቅሺ!” ይለኝ ነበር።

ዛሬ ጠዋት ዶክተሯ ፋሻውን ፈታችው። እስክትጨርስ ዓይኔን ጨፍኜ ነበር። ግለጪ ስትለኝ ያ ነጭ ነገር ወደ ሮዝ ዞሯል። በጣቷ ጫን ስትለው ይነጣል፣ ስትለቀው መልሶ ይቀላል። የገባበት የኔ ደም ነው። ዶክተሯ “ይዟል” አለች። ከዚያ በኋላ ስለ ቅዳሜው ነገር ልክ ልኬን ነገረችኝ፤ ይገባኛል። በሚመጣው ሳምንት ከጭኔ ስስ ቆዳ ወስዳ ትደርብበታለች። ጣቶቼ እንደ ድሮው ይሠሩ እንደሆነ ገና ነው፤ ተስፋ ግን አለኝ።

በወንድሜ ላይ ክስ የለኝም፤ እንዲለቀቅልኝም እጠይቃለሁ። ከዚያ በፊት ግን አንድ ነገር አለ። ጋሼ የዛሬውን አያውቅም። ከቅዳሜ ጀምሮ የእህቴን እጅ በገዛ እጄ አጠፋሁት ብሎ ራሱን እየበላ እንደሚቀመጥ ሳላየው አውቃለሁ። ስለዚህ ይህ ወረቀት ሳይዘጋ አንድ ሰው “ይዟል” ይበለው። ካልተነገረው አልፈርምም።

ቃሌ ተነብቦልኝ እንደተናገርኩት ሆኖ አግኝቼዋለሁ። ከእውነቱ የጨመርኩት የለም፤ የቀነስኩት ቢኖር መኪና ውስጥ ጋሼን የሰደብኩትን ብቻ ነው። ቀኝ እጄ በመደገፊያ ላይ ታስሮ ስለሚገኝ በግራ አውራ ጣቴ አሻራዬን አኑሬያለሁ።

የምስክሯ አሻራ ………………
የመርማሪው ፊርማ ………………

የመርማሪው ማስታወሻ፦ ምስክሯ አሻራዋን ከማኖሯ በፊት መልእክቱ በስልክ ለጣቢያው ተላልፎ ለተጠርጣሪው ተነግሮታል። ተጠርጣሪው “የልጣፊው ጫፍ ጫፉስ?” ሲል ጠይቋል። ጥያቄው ለምስክሯ ሲነገራት፣ “ጫፉም ይዟል፤ ካላመነኝ መጥቶ ይየው” ብላለች።