ባጅ ላይ የታሰረ ጥቁር ጨርቅ

ኮሮና የገባ ጊዜ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። በስደት አገር፣ ጠዋት ጠዋት ከሮዘተንቪል ሰፈር ወደ ጀርሚስተን በምሄድበት ታክሲ፣ ሁልጊዜ አብሮኝ የሚሳፈር አንድ ያገሬ ልጅ፣ የገበያ አዳራሽ ጥበቃ ሠራተኛ፣ ነበር፤ ያን ቀን አጠገቡ የተቀመጡ ያገራችን እናት አናገሩት።

«ልጄ፣ ባጅህ ላይ ያሰርከው ጥቁር ጨርቅ ምንድን ነው?»

«ሐዘን ነው እማማ። አብሮኝ በር ላይ የሚቆመው ጓደኛዬ ሞቶብኝ።»

«ነፍስ ይማር! ታዲያ ለሐዘን ጢምህን አታሳድግም ነበር?»

«አለቆቼ ማስኩ አይገጥምልህም ብለው አስላጩኝ። አሁን ደግሞ ጨርቁን ካልፈታህ ሥራ የለህም አሉኝ። ጥቁር የሚታሰረው ሥራ ላይ ለሞተ ብቻ ነው አሉ።»

«እሱስ የት ሞተ?»

«ቤቱ።»

«በሽታውን ከየት አመጣው?»

«እዚያው በሩ ላይ፣ የገበያተኛ ሙቀት ሲለካ። ማሳል ሲጀምር ‹ወደ ቤትህ ሂድ› አሉት።»

«አሃ! ደንባቸው እንዳይሰበር ቤቱ ሄዶ ሞተላቸው በለኛ!»

«አይቀልዱ እማማ፣ ስንደርስ ልፈታው ነው። እንጀራዬ ነው።»

«ፍታው። ጥቁር ማስክስ ከልክለዋል?»

«ኧረ! የሚያባርሩት ማስክ ያላደረገውን ነው።»

«እንግዲያ ሐዘንህን አፍህ ላይ እሰረዋ!»

«ጥቁር የለኝም እንጂ።»

ቤት ገብቼ ይህን ስነግራት አክስቴ፣ ለባሏ ሐዘን ከለበሰችው ቀሚስ ጫፍ ቆርጣ ማስክ ሰፋችና፣ «ነገ ታክሲ ውስጥ ስታገኚው ስጪው» ብላ ቦርሳዬ ውስጥ ከተተችው።