በጆሮ የተሰጠ ድምፅ

ወንድሞቼ፣ እኅቶቼ፣ ጠጁ እጃችሁ ላይ ሳይሞቅ እጨርሳለሁ። አለቃችን አቶ ኃይለ ሚካኤል፣ «አካለ ወልድ፣ ተናገር፤ ግን አታስረዝም» ብለውኛል። ለምርጫ ተወዳዳሪዎችም እንዲሁ ይሏቸው ነበር፤ የሰማቸው ግን አልነበረም።

ዛሬ በጡረታ የምንሸኛቸው ጋሽ ሣህለ ማርያም መጀመሪያ ሞጣ የገቡበትን ቀን ብዙዎቻችን እናስታውሳለን። ለሃምሳ ሰባቱ ምርጫ አስፈጻሚ ሆነው ነው፤ ሰኔ ነው፤ ዝናቡ ያወርደዋል። ከቢቸና በበቅሎ መጡ። የድምፅ መስጫውን ሣጥን በነጭ ነጠላ ጠቅልለው፣ ጃንጥላ ዘርግተውለት፣ እሳቸው ግን ዝናብ እየደበደባቸው። የገበያው ሴቶች ይህን ሲያዩ ታቦት መሰላቸው። እልል ብለው ጭቃው ላይ ተንበረከኩ። አንድ ቄስ በሩጫ መጡ።

«የማን ታቦት ነው?»

«የምርጫው ነው፣ አባ።»

«እንዲህ የሚባል ጻድቅ በስንክሳር የለም» አሉ ቄሱ።

ጋሼ፣ አይሳቁ፤ ገና ነኝ። እሳቸው «ማለትም» ሳይሉ ነገር አይጨርሱም። ጧት ቢሮ ሲገቡ እንኳ፣ «እንዴት አደራችሁ፤ ማለትም ደህና ናችሁ ወይ» ይሉናል። የሣጥኑን ቁልፍ ደግሞ ከማዕተባቸው ጋር አንገታቸው ላይ አስረው ነው የሚያድሩት። ባለቤታቸው ወይዘሮ ይርጋነሽ እዚህ አሉ፤ «እኔን እንዲህ ጠበቅ አድርጎ ይዞኝ አያውቅም» ያሉኝን ይክዱ እንደሆነ እናያለን።

እንግዲህ በዚያ ምርጫ ከሞጣ ወጣ ብሎ ባለው በእኛ ቀበሌ ሁለት ሰዎች ተወዳደሩ። አንደኛው የአገሩ ባላባት ፊታውራሪ ደምለው ናቸው፤ ምልክታቸው ፈረስ ነበር። ሁለተኛው አቶ ኃይለ ጊዮርጊስ የሚባል አስተማሪ ነው፤ ለእሱ የደረሰው ምልክት ዶሮ ነው። ወሩ ደግሞ የሰኔ ጾም። እመት ሀብትነሽ ወረቀቱን አይተው እጃቸውን ሰበሰቡ።

«ልጄ፣ በጾም ዶሮ ልነካ ነው?»

«አይበሉትም፣ እመት፤ ማለትም ይመርጡታል» አሏቸው ጋሼ።

«ከተመረጠ በኋላ ማን ሊበላው ነው ታዲያ?» አሉ። ለዚህ ጥያቄ እስከ ዛሬ ከአዲስ አበባ መልስ አልመጣም።

ጋሼ ሕዝቡን ሰብስበው፣ «ድምፅ ምስጢር ነው፤ ማለትም ለማንም አይነገርም» ብለው አስተማሩ። አንድ ሽማግሌ ተነሡና፣ «ለነፍስ አባትም?» አሉ። ጋሼ ለነፍስ አባት አትናገሩ ብለው ከቤተ ክርስቲያን አይጣሉ ነገር፣ ተናገሩ ብለው ከሕጉ አይጣሉ ነገር፣ ዝም አሉ። ጉዱን ያመጣው ያ ዝምታ ነው። መራጩ ሁሉ ድምፁን እየሰጠ በቀጥታ ወደ ቄስ ወልደ ኪዳን ሄደ። «አባ ይፍቱኝ፣ ዶሮ መርጫለሁ።» ሣጥኑ ሳይከፈት ውጤቱን ያወቁት ቄሱ ናቸው። ዶሮ የመረጠ ስግደት ታዘዘበት፤ ፈረስ የመረጠ እንዲሁ ተፈታ ይባላል። ፊታውራሪ የደብሩን ጣራ ቆርቆሮ አልብሰው ነበርና በቄሱ አልፈርድም።

ሣጥኑ ሲከፈት ግን ፊታውራሪ በገዛ አገራቸው ተሸነፉ።

ከዚህ በኋላ ያለው አያስቅም። የዚያን ጊዜው የሞጣ ሹም ለፊታውራሪ ብለው ዶሮውን የመረጡትን ሰዎች ስም ፈለጉ። ቄሱን ነፍስ አባት ናቸውና መጠየቅ አልተቻለም። የቀሩት ጋሼ ናቸው። ማንበብ የማይችለው ሁሉ የፈለገውን በጆሯቸው አንሾካሹኮላቸው፣ ወረቀቱ ላይ ያመለከቱለት እሳቸው ነበሩ። የቀበሌያችን ሰው ደግሞ ያልተማረ ነው፤ እንግዲህ ሁሉንም ያውቃሉ ማለት ነው። የርስት ሙግት የሚታየው ፊታውራሪ ፊት ነበር። የሰው ስሙ ከወጣ መሬቱ ሄደች ማለት ነው።

ሹሙ ጋሼን ጠሯቸው፤ እኔ ያኔ ተላላኪ ነበርኩና በር ላይ ቆሜ እሰማለሁ።

«ማን ማን ነው? አንተ ሰምተሃል።»

«ሰምቻለሁ፣ ጌታዬ። አልናገርም።»

«ሹመትህ በእጄ እንዳለ ታውቃለህ?»

«አውቃለሁ።»

በሳምንቱ ዝቅ ባለ ሥራ ግንደወይን ተላኩ። ወይዘሮ ይርጋነሽ ልጆቹን ይዘው በዝናብ ተከተሏቸው። ሹሙ ሲሻሩ ጋሼ ወደ ሞጣ ተመለሱ፤ ማዕረጋቸው ግን እዚያው ግንደወይን ቀረ። ዛሬ ጡረታ የሚወጡትም በዚያው በዝቅተኛው ማዕረግ ነው። በአገራችን የሰማውን በመናገር የተሾመ ብዙ ነው፤ ባለመናገር የተሻረ ግን እኔ የማውቀው እሳቸውን ብቻ ነው።

አባቴ በዚያ ዓመት ከፊታውራሪ ዘመድ ጋር በርስት ይሟገት ነበር። እሱም እንደ ሌላው በጋሼ ጆሮ አንሾካሹኮ ወደ ቤቱ ሄደ። ያቺን መሬት ዛሬም ወንድሜ ያርሳታል። አባቴ ያረፈ ጊዜ ጋሼ ለቅሶ መጡ፤ ሰው ሲበተን ጠጋ ብዬ ጠየቅኋቸው።

«ጋሼ፣ አባቴ የመረጠው ማንን ነበር?»

«አልነገረህም?»

«አልነገረኝም።»

«እንግዲያው እንድታውቅ አልፈለገም» አሉኝና ነጠላቸውን አጣፍተው ወጡ።

ያን ዕለት ተቀይሜያቸው ነበር፤ ልጁ ነኝ፣ እሱም ሞቷል፣ ምን ነበረበት ብዬ። ዛሬ ግን በአባቴ ስም፣ በቀበሌው ሰው ሁሉ ስም አመሰግንዎታለሁ። ሞተን እንኳ አደራችንን የሚጠብቅልን ሰው ነበረን።

እንግዲህ ጠጅ የያዝን ጠጃችንን፣ ወዳጃችን ሰይድ ብርዙን እናንሣ። ጋሼ፣ ዕድሜና ጤና ከወይዘሮ ይርጋነሽ ጋር ይስጥዎ። ደጅዎን የሚጠይቅ ወዳጅ ይብዛ፤ የሚመረምርዎ ሹም አይምጣ። ለጋሽ ሣህለ ማርያም ጤና።