ሬዲዮ እየዘፈነ ይጠገናል ያለው ጎረቤቴ

እስቲ ጠጋ በሉ ልጆቼ፤ ወንበሩ ካልበቃችሁ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ። የጎረቤቴን የሬዲዮ ጠጋኙን ነገር ላውጋችሁ።

ደረጃው ላይ ከሴት ልጁ ጋር ተገጣጠምን። ፊቷ ቲማቲም መስሏል። "ምነው ልጄ?" ብላት፣ "እትዬ፣ ይምጡና ይፍረዱ!" ብላ እጄን ይዛ አስገባችኝ።

እናቷ ስኳር በሽታ አለባት፤ ኢንሱሊኗ ፍሪጅ ውስጥ ነው የሚቀመጠው። ያ ፍሪጅ ሳይታወቅ ማቀዝቀዝ አቁሞ ሰንብቶ መድኃኒቱ ተበላሸና፣ ሴትዮዋ ሐኪም ቤት ተኝታ ነው የተረፈችው። ልጅቷ ታዲያ መዳፍ የምታህል ኮምፒውተር ገዝታ፣ ሙቀት መለኪያና ደወል ልትገጥምላት ተነሳች፤ ፍሪጁ ሲሞቅ እንዲጮህ። አባት "ላግዝሽ" ብሎ መለኪያውን አቃጠለው። ከገዛቻቸው ሁለት መለኪያዎች የቀረው አንድ ብቻ ነው።

"አባዬ፣ ኤሌክትሪኩን ሳትነቅል ሽቦ አትንካ አላልኩህም?"

"አንቺ ሳትወለጂ ጀምሮ ሬዲዮ የምጠግነው እየዘፈነ ነው! ሽቦውን ነካ ነካ አደርጋለሁ፤ ዝም ያለበት ቦታ በሽታው ነው።"

"ይሄ ሬዲዮ አይደለም! ሽቦ የሚገጠምባቸው የኮምፒውተሩ እግሮች እንደ ማበጠሪያ ጥርስ ተጠጋግተዋል። ሽቦው የጎረቤቱን አንዴ ከነካ አለቀለት።"

"እሺ፣ ሁሉንም ባንዴ ግጠሚና እንገላገል!"

"ባንዴ ገጥሜ እምቢ ቢልስ? ጥፋቱ የመለኪያው ይሁን የደወሉ በምን አውቃለሁ?"

"ያኔማ ነካ ነካ..."

"ኧረ በፈጠረህ!" ራሷን ያዘች። የእኔም ትዕግሥት አልቆ ነበር። ሙያ ደግ ነው፤ የትናንቱ የዛሬውን አላስገባም ሲል ግን ያበግናል።

ከመኝታ ቤት የሚስቱ ድምፅ መጣ። "አንተ ሰውዬ፣ በእኔ ነፍስ ነው የምትከራከረው?"

ያኔ፣ "ወንድሜ፣ ስለ ሽቦ አላውቅም። ግን የእኔን ሬዲዮ ስትሠራ ዕቃውን ሁሉ ባንዴ ነው የቀየርከው?" አልኩት።

"እብድ ነኝ እንዴ? አንዱን ቀይሬ አያለሁ፣ እምቢ ካለ ሌላውን..." አለና ወደ ልጁ ዞረ።

"ልጅህ የምትለምንህ እሱኑ ነው!"

እያጉረመረመ ሶኬቱን ራሱ ነቀለ። መለኪያውን ብቻ ገጠሙ፤ ሰኩት፤ የሙቀቱ ቁጥር ታየ። ደግሞ ነቅለው ደወሉን ጨመሩ፤ መልሰው ሰክተው መለኪያውን ፍሪጁ ውስጥ አኖሩ። የፍሪጁን በር ከፍተን ጥቂት እንደቆየን ጩኸቱ ቤቱን አናጋው።

"ዝጉት!" አለች ሚስትየው፣ "ሙት ልትቀሰቅሱ ነው?"

በሳምንቱ ውሃ ጠጥቶ የፍሪጁን በር ገርበብ አድርጎ የወጣው እሱ ራሱ ነበር። ደወሉ ከደረጃው መለሰው። መድኃኒቱም ተረፈ፣ ሴትዮዋም በሰላም ትተኛለች። አሁን ደግሞ "ነቅለሽዋል ወይ?" እያለ ልጅቷን መቆሚያ መቀመጫ ያሳጣት እሱ ነው።

አደራ ልጆቼ፤ ሽቦ ከመንካታችሁ በፊት ንቀሉ፣ የመጀመሪያው መሥራቱን ሳታዩም ሁለተኛውን አትጨምሩ። ሌላው ቢጠፋችሁ ይህችን ያዙልኝ።