የግድ የሚሰጥና ቢቀር የሚቻል

አባቴ «ጨው አነሰው የሚባለው የሚበላ ወጥ ነው» ይል ነበር። እኔ ዲላ ውስጥ ባጃጅ የምነዳ፣ ከአራተኛ ክፍል ያላለፍኩ ሰው ነኝ። ልጄ ምሕረት ግን የኮምፒውተር ቋንቋ ማብራሪያ በአማርኛ ጽፋ ኢንተርኔት ላይ አውጥታለች። ለእያንዳንዱ ትእዛዝ የግድ የሚሰጠውን መረጃና ቢቀር የሚቻለውን ለይታ ነው የጻፈችው። «አባዬ፣ ተሳፋሪ መውረጃውን ካልነገረህ አትነሳም፤ መንገዱን ባይነግርህ ግን ራስህ ትመርጣለህ። ኮምፒውተርም እንደዚያው ነው» ብላ አስረዳችኝ። ሰሞኑን ታዲያ «ማንም አያነበውም፣ ላጠፋው ነው» ብላ አለቀሰች። እኔም «ጌታ ሆይ፣ አንድ አንባቢ እንኳ ስጣት» ብዬ ጸለይኩ።

ትናንት ከመናኸሪያ አንድ የወናጎ ወጣት አሳፈርኩ። ስልኩ ላይ አፍጦ ሲያጉረመርም «ምን ሆንክ?» አልኩት። «ኮድ ነው ጋሼ። ምሕረት የምትባል ልጅ በአማርኛ የጻፈችው አለ፤ ከሱ ነው የምማረው» አይለኝም! ባጃጇን ጥግ አስይዤ አቆምኩ። «የኔ ልጅ ናት!» ብዬ ጮህኩ፤ መንገደኛው ሁሉ ዞሮ አየኝ። አሁን ሊያመሰግን ነው ብዬ ደረቴን ነፍቼ ጠበቅኩት። ልጁ ግን ስልኩን ወደ እኔ አዞረ። ያለውን ቃል በቃል ልንገራችሁ፤ ማታ ለእሷም እየሳቅኩ እንዲሁ ነው የደገምኩላት፦

«እንግዲያው ይንገሩልኝ ጋሼ፤ እዚህ ጋ ‹ይሄ ቢቀር ይቻላል› ብላለች፣ ሳስቀረው ግን አልሠራ አለኝ። ቶሎ ታርመው፤ ወናጎ ያለን ልጆች ሁላችንም በሱ ነው የምንማረው።»