ቅዳሜ ዕለት በምካንዳ ሰርጥ ጭቃ ላይ ስለተቀመጠችው ጀልባ

የምስክር ስም፦ ሶሞኤ ፋማው
ዕድሜ፦ 54 ዓመት
ሥራ፦ ሳምቡሳ ጠብሶ መሸጥ
አድራሻ፦ ማቶንዶኒ መንደር፣ ላሙ ደሴት፣ ኬንያ
ቃል የተሰጠበት ቀን፦ ሰኞ የካቲት 8 ቀን 2010 (እ.ኤ.አ.)፣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት

እኔ ስሜ ከላይ የተጠቀሰው ምስክር፣ ላሊ ብዋናሄሪ "ተሰረቀች" ብሎ ስላመለከታት ጀልባ የማውቀውን እንድናገር ተጠይቄ የሚከተለውን ቃል ሰጥቻለሁ። ላሊን ከልጅነቱ አውቀዋለሁ። አባቱን ካፒቴን ብዋናሄሪ ኮምቦንና እናቱን ቢ ምዋናሻን የማያውቅ ደግሞ ማቶንዶኒ ውስጥ የለም። ካፒቴኑ ከረመዳን ወዲህ ነገር ስለሚረሱ ላሊ ለደህንነታቸው ብሎ መሪውን ተቀብሏቸዋል። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ጀልባ ማሰሪያው አጠገብ ተቀምጠው ባሕር ሲያዩ ይውላሉ። ምሳቸውንም ቢ ምዋናሻ ለምነው ካላጎረሷቸው አይበሉም።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ቢ ምዋናሻ በሬን አንኳኩተው፣ "ሶሞኤ፣ ፓቴ ደሴት ያለችው እህቴ ታማለች። ባለቤቴ ሊያደርሰኝ ነው፤ አንቺም እዚያ ልጅሽን ታያለሽ፣ ነይ" አሉኝ። እህትየው ሐሙስ ዕለት ገበያ መሐል ከዓሣ ነጋዴ ጋር ስትጨቃጨቅ በዓይኔ አይቻታለሁ። የታመመው ማን እንደሆነ ስለገባኝ ሳልጠይቅ ተከተልኳቸው። ላሊ ቤት ውስጥ ተኝቶ ነበር፤ ማንም አላስፈቀደውም።

ምካንዳ ሰርጥ አፍ ላይ የደረስነው ስድስት ሰዓት ላይ ነው። ሰርጡ የባሕሩ ውሃ ሲሞላ ካልሆነ አያሳልፍም። ካፒቴኑ "ውሃው እየመጣ ነው፤ ገና ይሞላል" ብለው መሪውን አቀኑ። እኔ ግን ዳር ዳሩን ውሃ ውስጥ የቆመውን የማንግሮቭ ዛፍ ሥር አየሁት። ውሃ ሲመጣ ከውሃው በላይ ያለው ሥር ደረቅ ነው፤ ያን ዕለት ግን ክንድ የሚያህለው እርጥብ ነበር። ውሃው እየሸሸ ነው ማለት ነው። ውሃው የሚሞላበት ሰዓት በጨረቃ ቀን ነው የሚታወቀው፤ ካፒቴኑ የጨረቃዋን ቀን አሳስተው ቆጥረዋል። በእኛ ዘንድ ጀልባ ላይ ስለ ውሃ አፍ የሚከፍተው ካፒቴኑ ብቻ ነው። ቢሆንም ልናገር ስል ቢ ምዋናሻ ጭኔን ቆነጠጡኝ።

"ሥሩን አላዩትም እንዴ?" አልኳቸው በሹክሹክታ።

"ከአንቺ በፊት አይቼዋለሁ። ዝም በይ።"

"ጭቃ ላይ ልንቀመጥ ነው እኮ!"

"እንቀመጣለና! ጭቃ ሰው አይበላም።"

ብዙም ሳንሄድ ጀልባዋ ተቀመጠች። ካፒቴኑ "ትንሽ እንጠብቀው፣ ይመጣል" አሉ። ቢ ምዋናሻ ምንም እንዳልተፈጠረ የኮኮናት ዳቦና የተጠበሰ ዓሣ ዘረጉ። ካፒቴኑ ወደ እኔ ዞረው፣ "በዚህ በኩል ነው ሙሽራ አድርጌ ያመጣኋት። መንገዱን ሙሉ ስታለቅስ ነበር" አሉኝ።

"ባሕሩ አቅለሽልሾኝ ነው ብዬሃለሁ! ስንት ዓመት ሙሉ ስሜን ታጠፋለህ?" አሏቸው ሚስትየው።

ካፒቴኑ ከት ብለው ሳቁ። ከዚያም ማንም ሳይለምናቸው ሦስት ዳቦ በሉ። ቢ ምዋናሻ ፊታቸውን ወደ ማንግሮቩ አዙረው ዓይናቸውን በሻሻቸው ሲጠርጉ አይቻለሁ።

ስምንት ሰዓት ገደማ ላሊ ለፖሊስ አመልክቶ በሞተር ጀልባ ደረሰ። ከሩቅ እየጮኸ ነበር የመጣው። አጠገባችን ሲደርስ ሥሩን አየ፣ ቀጥሎ የአባቱን ፊት አየ። ካፒቴኑም፣ "ላሊ፣ ዛሬ ውሃው ዘገየ" አሉት። ላሊም ሞተሩን አጥፍቶ፣ "አዎ አባባ፣ ዛሬ ዘግይቷል" አለ። ከዚያ ውሃው ተመልሶ ከፍ ማለት ሲጀምር እኔና እሱ ጭቃ ውስጥ ወርደን እየገፋን፣ ሞተሩም እየጎተተ ጀልባዋን አላቀቅናት። ወደ ቤት ስንመለስ መሪውን የያዙት ካፒቴኑ ናቸው። ላሊ ሞተር ጀልባውን ከኋላ አስሮ አጠገባቸው ተቀምጦ፣ "ወደ ግራ ነው ያልከኝ አባባ?" ይላል፤ እሳቸውም "አዎ፣ ወደ ግራ" እያሉ ያዞራሉ። አንዴም የትም አልነካንም።

መርማሪው እንደነገሩኝ ካፒቴኑ "ሳላስፈቅድ ወሰድኩ"፣ ቢ ምዋናሻ "ጨረቃዋን አሳስቼ የነገርኩት እኔ ነኝ"፣ ላሊ ደግሞ "ፈቅጄ ረስቼው ነው" ብለው ቃል ሰጥተዋል። ከሦስቱ እውነቱን የተናገሩት ካፒቴኑ ብቻ ናቸው። ውሃው ዘግይቶ እንደሆነ ተጠይቄም፣ አልዘገየም፣ በሰዓቱ መጥቶ በሰዓቱ ሄዷል ብያለሁ። የካፒቴኑ የጀልባ መንጃ ፈቃድ ይነጠቅ ወይስ አይነጠቅ ለሚለው ጥያቄ መልሴ ይህ ነው፦ ለብቻቸው እንዳይወጡ ይከልከሉ፤ ላሊ አጠገባቸው ካለ ግን እኔ ራሴ ነገ ፓቴ የምሄደው በዚያችው ጀልባ ነው፣ ቦታም ይዣለሁ።

ቃሌ ተነብቦልኝ ሰምቻለሁ። አልጨመርኩም፣ አልቀነስኩም። ቢ ምዋናሻ እንዳይቀየሙኝ "ቆነጠጡኝ" የሚለው እንዲሰረዝልኝ ብለምንም መርማሪው እውነት ከሆነ ይቆይ ስላሉኝ፣ እውነት ነውና እንዳለ ፈርሜያለሁ።

የምስክር ፊርማ፦ ሶሞኤ ፋማው
ቃሉን የተቀበለው መርማሪ፦ ሳጅን ኪዮኮ ሙቲንዳ