ስለ ሰው የተጠራ ሸንጎ

ኬነዌ ወንዙን ልትሻገር ጫማዋን ስታወልቅ፣ ሹም ሌጺካ ማዶ ሆነው ፈረሳቸውን ውሃ ያጠጡ ነበር። ከሩቅ አገር የአእምሮ ጤና ሕክምና ተምራ ወደዚህ የሌሶቶ ተራራ መንደር ከተመለሰች ወዲህ፣ ቤታቸው በሄደች ቁጥር «የሉም» እየተባለች ትመለስ ነበርና አጋጣሚው ደስ አሰኛት።

«እንደምን አደሩ፣ አባቴ?»

«እኔስ ደኅና ነኝ። ፈረሴ ግን አንቺን ሲያይ ደነገጠ፤ ይቺ ደግሞ ዛሬ ምን ልታስተምረኝ ነው ብሎ ይሆናል» አሉ፣ የለበሱትን ብርድ ልብስ ትከሻቸው ላይ እያስተካከሉ።

ኬነዌ ሳቀች፤ ሳቋ ግን ቶሎ ከሰመ። «ስለ ቴፎ ላነጋግርዎ ነው።»

የሹሙ ፊት ጠቆረ። ቴፎ የእኅታቸው ልጅ ነው። ባለፈው የበረዶ ወራት ታላቅ ወንድሙ ሕይወቱን በገዛ እጁ ሲያጠፋ፣ ሹሙ እንደ አባቶች ልማድ የሟቹ ስም እንዳይነሣ፣ ቤቱም ለቅሶ እንዳይደረስ አዘው ነበር። ቴፎ ከማዕድን ሥራው ተቀንሶ የተመለሰው ወደዚያ ዝም ወዳለ ቤት ነው። አሁን እሱም በሩን ዘግቶ ከሰው ተለይቷል።

«ሸንጎ ይጥሩና መንደሩ ይምከር፣ አባቴ።»

«የሞትን ስም ሲጠሩት አቤት ይላል። ያላሰበውን ማሳሰብ አይሆንም?»

«አይሆንም። የተጨነቀን ሰው ‹ራስህን ልታጠፋ አስበሃል ወይ?› ብሎ በግልጽ መጠየቅ ሐሳቡን አይዘራበትም፤ ብቻውን የተሸከመውን ያቀልለታል።»

«ይህን ካወቃችሁ ሸንጎው ለምን አስፈለገ? እናንተ የተማራችሁት ከተማ ቁጭ ብላችሁ ዕቅድ አወጣችሁ ሲባል ሰምቻለሁ።»

ኬነዌ አቀረቀረች። «አወጣን። የጨነቀው ሰው በዚህ ቁጥር ይደውል የሚል ወረቀት ጤና ጣቢያው ግድግዳ ላይ ለጠፍን። እዚህ ስልክ የሚሠራው ተራራው አናት ላይ ሲወጡ ብቻ መሆኑን የጠየቀ አልነበረም።»

ሹሙ ከት ብለው ሳቁ። «የከፋው ሰው ፈረስ ጭኖ፣ ዳገት ወጥቶ፣ ‹ሃሎ፣ ከፍቶኛል› ሊል!»

እሷም ሳቀች። ያን ሁሉ ዓመት የተማረችው ነገር ለዚህ ተራራ ይረባ እንደሆነ ከራሷ ጋር ስትሟገት ከርማለች። መድኃኒቱ የበሽተኛውን ቤት መንገድ ካላወቀ ምን ይፈይዳል?

«መንገዱን የምታውቁት እናንተ ናችሁ» አለች። «ከብት ሲዘረፍ ምን አደረጉ?»

«ሸንጎ ጠራሁ እንጂ! ሁሉም የሚያውቀውን መሹለኪያ ተናገረ። ጠላ ሻጯ ማፉሲ እንኳ እንግዳ ሰዎች ቤቷ ጠጥተው ያወሩትን ነገረችን። ሌቦቹን ያዝናቸው!»

«ላም ስትጠፋ አዋጅ አስነገሩ። የእኅትዎ ልጅ ሲጠፋ ግን ዝም አሰኙን።»

«አፍሽን ሰብስቢ!»

ፈረሳቸውን ኮልኩለው ሄዱ። ጥቂት እንደራቁ ግን ሳይዞሩ ጮኹ፦ «ቅዳሜ ጠዋት! ውርደቱ ባንቺ ራስ!»

ቅዳሜ ሸንጎው ሞላ። ሹሙ ጉዳዩን ሲያነሡ ሰው ሁሉ መሬት መሬት አየ። በመጨረሻ ማፉሲ ተነሣች።

«ጠላዬ መድረሱን ላሳውቅ ባንዲራዬን ስሰቅል የማይቀር ደንበኛዬ ቴፎ ነበር። ሲቀር፣ እሰይ መጠጥ ተወ ብዬ ደስ አለኝ።»

«ደንበኛ ሲቀርብሽ ደስ የሚልሽ ከመቼ ወዲህ ነው?» አለ አንዱ፤ ሸንጎው በሳቅ ፈረሰ።

ያኔ የቴፎ እናት ቆሙ። «ልጄን ከቀበርኩ ወዲህ ደጄን የረገጠ የለም። የቀረው ልጄ ‹እኔም ብሞት እንዲሁ ዝም ይላሉ› ብሎኛል።»

ሳቁ ጠፋ። ሹም ሌጺካ ባርኔጣቸውን አወለቁ። «ያዘዝኩት እኔ ነኝ፣ እኅቴ። ልማድ አከበርኩ ብዬ ሰው ጣልኩ። ተነሡ፣ ለቅሶ እንድረስ!»

መንደሩ ነቅሎ ሄደ። ሰዉ ግቢ ውስጥ እናትየውን ሲያስተዛዝን፣ ሹሙ ብቻቸውን ገብተው ከቴፎ አጠገብ ተቀመጡ። እንዲህ ብለውም ጠየቁት፦ «ልጄ፣ ራስህን ልታጠፋ አስበሃል?»

ቴፎ «አዎ፣ አጎቴ» ብሎ አለቀሰ።

«እንግዲያስ ብቻህን አትሆንም። ጤና ጣቢያ አብረን እንሄዳለን፤ በፈረሴ።»

«ያ ፈረስ ይጥለኛል» አለ ቴፎ እንባውን እየጠረገ።

«እኔን ነው የሚጥለው፤ አንተን ይወድሃል!»

ሸንጎው በማግሥቱ ቀጠለ። ማፉሲ የቀረ ደንበኛ ቢኖር ቤቱ ሄዳ ልትጠይቅ፣ ውሃ ቀጂዎቹ ሴቶች ድምፁ የጠፋ ቤት ቢያዩ ሊያንኳኩ፣ ፈረስ ያላቸው የከፋውን ሰው ጤና ጣቢያ አድርሰው ከጎኑ ላይለዩ ተስማሙ። የለቅሶው ክልከላም በአዋጅ ተሻረ። ወረቀቱ ያልደረሰበትን ቤት ጎረቤት ደረሰበት። የሰውን ጭንቀት ቀድሞ የሚያየው አብሮት የሚኖር ነውና፣ ዕቅዱም ከዚያው ሰው አፍ መውጣት አለበት፤ ኬነዌ ከሩቅ አገር ያልተማረችው ይህንን ነበር።

የበጎች ጠጉር በሚሸለትበት ወራት የጎረቤት መንደር ሹም ሽማግሌዎቻቸውን አስከትለው መጡ። «እኛም ዘንድ ሐዘን ገብቷል። እንዴት እንዳደረጋችሁ ንገሩን» አሉ።

ሹም ሌጺካ ጉሮሯቸውን ጠርገው ሊጀምሩ ሲሉ፣ ከሸላቾቹ መካከል ቴፎ መቀሱን አስቀምጦ መጣ።

«አጎቴ፣ እርስዎ ይቀመጡ» አለ። «ይህንን የምነግራቸው እኔ ነኝ።»