ደምለው ያልሸጠው ማረሻ

ይርዳው ተፈታ! ትናንት ከቀትር በኋላ ከወህኒው በር ሲወጣ በዓይኔ በብረቱ አየሁት!

ይቅርታ፣ ሰላምታውን ዘልዬ ጀመርኩ። ክቡር ባላምባራስ አበረ፣ አለቃችን፣ ክቡራትና ክቡራን ባልደረቦቼ፦ ስለ ግብዣው እግዜር ይስጥልኝ። ለተባረረች ሴት ጠጅ የሚጥል መሥሪያ ቤት ከዚህ ሌላ መኖሩን እንጃ። ባላምባራስ፣ አይቆጡ፤ ደብዳቤው የሚለው «ተሰናብተዋል» ነው፤ ትርጓሜውን የጨመርኩት እኔ ነኝ።

አሥራ አራት ዓመት አብሬያችሁ ሠራሁ፤ ሰባቱን በብረት መዝገብ። አዲስ ለመጣችሁ፦ ውድቅዳቂ ብረት የሚገዛ ነጋዴ ሁሉ የሻጩን ስምና አገር፣ የዕቃውን ዓይነትና ክብደት መጻፍ አለበት። የገዛውንም አሥራ አምስት ቀን ሳይሰብር ያቆያል። የተሰረቀ ዕቃ ቀልጦ እንዳይጠፋ ነው። እኔ በየዓርቡ እየዞርኩ መዝገቡን አይቼ ማኅተም እመታለሁ። «የብረት እመቤት መጣች» ስትሉ የማልሰማ ይመስላችሁ ነበር አይደል?

ጥር ላይ ብረት ነጋዴው ይርዳው ሱቅ ተቀምጬ መዝገቡን ሳገላብጥ፣ አንዲት ጥቁር የለበሰች ሴት ከደብረ ኤልያስ በኩል መጣች። ማረሻ በጨርቅ ጠቅልላ ይዛለች።

«ስምሽን ማን ልበል?» አላት።

«የኔ ስም ምን ያደርግልሃል? ማረሻው የደምለው ነው። ደምለው በል።»

«ሻጯ አንቺ ነሽ እኮ!»

«እኔ ዕርፍ ጨብጬ አውቃለሁ? ደምለው በል ብዬሃለሁ!»

ይርዳው ወደኔ ዞረ። «ወይዘሮ ሥራነሽ፣ ምን ልጻፍ?»

ቸኩዬ ነበር፤ ገና ሦስት ሱቅ ይቀረኛል። «ያለችህን ጻፍ፣ አትከራከራት» አልኩት። ጻፈ። እኔም ማኅተሜን መታሁበት።

ደምለው ባሏ ነበር። ከሞተ ሁለት ወሩ። ጥቁር መልበሷን አይቻለሁ፤ ለማን እንደሆነ ግን አልጠየቅኩም።

የካቲት ላይ የድልድይ ብረት ተሰረቀና ፖሊስ መዝገብ ሁሉ ሰብስቦ ይመረምር ጀመር። የሴትዮዋ አገር ጭቃ ሹም ተጠየቀ፤ «ደምለው? እኛ ቀብረነው!» አለ። አበቃ። የሌባ ስም ለመሸሸግ ሙት ሻጭ ጽፏል ተብሎ ይርዳው ታሰረ።

እኔስ? ዝም አልኩ። አርባ ቀን ሙሉ ዝም አልኩ። «ጻፍ ያልኩት እኔ ነኝ» ብል እንጀራዬ እንደሚሄድ አውቃለሁ። ከእናንተ ለአንዱ ሹክ ብለው፣ «እሱ ነጋዴ ነው፣ ይወጣዋል፤ አንቺ አርፈሽ ተቀመጪ» አለኝ። ስሙን አልጠራም፤ ያው አንገቱን ደፍቷል። ምክሩን የወደድኩት ግን እኔ ነኝ።

መጋቢት ላይ የይርዳውን እናት፣ እመት ያለምወርቅን፣ ልጠይቅ ሄድኩ። አልጋ ይዘዋል። እጄን ጨብጠው፣ «ልጄ፣ አንቺ ባለ መዝገብ ነሽ። ይርዳው ሰርቋል?» አሉኝ።

«አልሰረቀም፣ እመት።»

«በምን አወቅሽ?»

መልሱ ምላሴ ላይ ነበር። «ይመስለኛል» አልኩ።

በሳምንቱ ዐረፉ። ያላቸው አንድ ልጅ ነው፤ እሱ ወህኒ ሆኖ ጎረቤት ቀበራቸው። ከኔ ያገኙት «ይመስለኛል» ብቻ ነበር፤ እሱኑ ይዘው ሄዱ።

በሠልስታቸው ማግሥት ደብረ ኤልያስ ሄጄ ሴትዮዋን አፈላለግኩ። ስሜነሽ ትባላለች። ሳታስለምነኝ ችሎት መጣች። ዳኛው «ለምን በስምሽ አልሸጥሽም?» ሲላት፣ «ጌታዬ፣ በሕይወት ሳለ የሱን ዕቃ በስሜ ሸጬ አላውቅም። ሞተ ብዬ ልድፈረው?» አለች። ዳኛው «ታዲያ ይህን ጻፍ ያለው ማነው?» ሲል እኔ ተነሣሁ። የቀረውን ደብዳቤው ላይ አንብባችሁታል።

የብርጓል፣ መዝገቡን የምትረከቢኝ እህቴ፣ አንድ ነገር ልንገርሽ። ሕጉ የሚጠይቅሽ ማን እንደ ሸጠ ነው፤ ሰው የሚነግርሽ ደግሞ የማን እንደ ነበር ነው። ሁለቱንም አጽፊ። ጥቁር የለበሰች ስትመጣ መጀመሪያ «ነፍስ ይማር» በያት፤ ብዕር ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

ትናንት ይርዳው አልሰደበኝም። ቢሰድበኝ ይቀለኝ ነበር። «እናቴ ስትቀበር ነበሩ?» አለኝ።

«ነበርኩ።»

«እንግዲያው እየሄድን ይንገሩኝ። ማን መጣ? ምን ተባለ?»

መንገዱን ሁሉ ነገርኩት። «ይመስለኛል» ያልኩትንም አልደበቅኩትም። እዚያ ላይ ቆመ። መሬት መሬቱን እያየ፣ «እናቴ ለሚካኤል ተስላ ነበር። እኔ ከተፈታሁ ሰፈሩን ልታበላ። አሁን ማን ይደግስልኛል?» አለ።

«እኔ አለሁ» አልኩት። ሥራ የለኝ፣ ጊዜ ሞልቶኛል!

ባላምባራስ፣ ዕድሜና ጤና ይስጥዎ። ባልደረቦቼ፣ ቸኩላችሁ ከምትጽፉት ይሰውራችሁ፤ ዝም ካላችሁበትም ቀን ቶሎ ያውጣችሁ። ወላጆቻችሁን በእጃችሁ ጦራችሁ በእጃችሁ ለመቅበር ያብቃችሁ። ልጆቻችሁ ከዚህ ወንበር የሚበልጥ ወንበር ይውረሱ።

ለስለቱ ድግስ ሁላችሁም ተጠርታችኋል። ሰኔ ጾም ነውና ሥጋ የለም፤ ቅር የሚለው ካለ ከመልአኩ ጋር ይሟገት። ሰኔ ፲፪ ቀን፣ የሚካኤል ዕለት፣ ቅዳሴ እንደ ወጣ፣ እመት ያለምወርቅ ግቢ። አንዳችሁም እንዳትቀሩ!